የዱር አራዊት ጉብኝት ምርጫ፦ ስሜን ወይስ ባሌ
በሰረንጌቲና በማሳይ ማራ ጎብኚው አንበሳን፣ ዝሆንንና የዊልደቢስትን መንጋ ከመኪና ሳይወርድ ያያል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ዋናው መስህብ በሌላ አገር የማይገኙ ብርቅዬ እንስሳት ስለሆኑ ምርጫው የሚጀምረው ከሚፈለገው እንስሳ ነው።

ዋልያ በዱር የሚኖረው በስሜን ተራሮች ብቻ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ከቅርብ ይታያል፤ ዋልያ ግን ገደል ለገደል ስለሚውል የእግር ጉዞና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቀይ ቀበሮ በስሜንም አለ፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴ አምባ የመኪና መንገድ ስለሚያቋርጠው፣ ቀበሮው ፍልፈልና አይጥ ሲያድን ከመንገዱ ዳር ማየት ይቻላል። የደጋ አጋዘን ደግሞ በዲንሾ አካባቢ ይገኛል።

ከምሥራቅ ጎጃም ለሚነሣ ሰው ስሜን ይቀርባል፦ በሞጣ በኩል ባሕር ዳርንና ጎንደርን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ወደ ባሌ የሚሄድ በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ከአዲስ አበባም ወዲያ ረጅም መንገድ ይቀረዋል። በክረምት ጉሙ ሁለቱንም ተራሮች ስለሚሸፍን ከመስከረም በኋላ መሄድ ይሻላል።