መዘውር የገባበት ቀስት

ከዓመታት በኋላ ወደ ቀስት አደን ስመለስ አቅሜ የፈቀደው ያገለገለ ኮምፓውንድ ቀስት ብቻ ነበር። አሮጌነቱ ስላሳሰበኝ ወደ ታሪኩ ተመለስሁ። በአሜሪካ የሚዙሪ ግዛት ሰው የነበረው ሆለስ ዊልበር አለን እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ መብት ጠይቆ በ1969 አገኘ። ሐሳቡ በቀስቱ ጫፎች ላይ ከመሃላቸው ውጭ የሚሽከረከሩ መዘውሮችን መግጠም ነበር፤ አውታሩ ሲሳብ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ተስቦ ሲያልቅ ግን ይቀልላል። በቀድሞው ቀስት አዳኙ ሙሉውን ክብደት ይዞ ያነጣጥር ነበር፤ ክንዱ ከተንቀጠቀጠም አጋዘኑ ቆስሎ ሊያመልጥ ይችላል። ይህን ያቃለለው መዘውር በአሮጌዎቹም ላይ አለ። ስለዚህ የስበቱ ርዝመት ለክንዴ መስማማቱን፣ ተጣጣፊ ክፍሎቹ አለመሰንጠቃቸውን አየሁ፤ የተረፈኝን ገንዘብ ለአዲስ አውታርና ለፍላጻ አዋልሁት። ሻጩ ስለ ፍጥነት ብዙ ነገረኝ፤ እኔ ግን ስቤ ያዝሁና ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ቆጠርሁ።