በሰማርያ በር ስለ ነበሩት አራት ለምጻሞች ምክር፤ ደግሞም ስለ ቆሼ

በአራተኛው መጽሐፈ ነገሥት፥ ብዙዎች ሁለተኛ ነገሥት በሚሉት፥ በምዕራፍ 7፥ የሶርያ ንጉሥ ወልደ አዴር ሰማርያን በከበበ ጊዜ የሆነው ነገር ተጽፎ ይገኛል። ራቡ ከመጽናቱ የተነሣ የአህያ ራስ በ80 ብር ይሸጥ ነበር። ነቢዩ ኤልሳዕ በማግሥቱ ዱቄትና ገብስ በከተማው በር በርካሽ እንደሚሸጡ ተናገረ፤ የንጉሡ ባለሟል ግን ቃሉን አቃለለ። በዚያው ጊዜ ከበሩ ውጭ አራት ለምጻሞች ተቀምጠው ይመካከሩ ነበር። ምክራቸውም አጭር ነው። ወደ ከተማ ቢገቡ ራብ ይገድላቸዋል፤ በተቀመጡበት ቢቀሩም ይሞታሉ፤ ወደ ጠላት ሰፈር ቢሄዱ ግን ወይ ይሞታሉ ወይ ይድናሉ። ስለዚህ በምሽት ተነሥተው ሄዱ።

የእግዚአብሔር ፈቃድ በምን ይታወቃል ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ይህን ምዕራፍ እምብዛም አያነሡትም። የጌዴዎንን ፀምር፥ የዮሴፍን ሕልም፥ የሐዋርያትን ዕጣ ያነሣሉ። ሰው ማግባት ወይም መመንኰስ፥ አገሩን ጥሎ መሄድ ወይም መቀመጥ ባሰበ ጊዜ ምልክት ይፈልጋል። አንዳንዱ ዳዊቱን እንዲያው ገልጦ በመጀመሪያ ባየው ቃል ነገሩን ይቈርጣል፤ አንዳንዱ መንገዱ ሲቃናለት ፈቅዶልኛል፥ ሲሰናከልበት ከልክሎኛል ይላል። አራቱ ለምጻሞች ግን ምልክት አልነበራቸውም። ትንቢቱ የተነገረው በቅጥር ውስጥ ነው፤ እነርሱም እንዳልሰሙት ንግግራቸው ያስረዳል። ሆኖም ትንቢቱ የተፈጸመው በእነርሱ እግር ነው። በእጃቸው የነበረው የተሰጣቸው አእምሮና እርስ በርሳቸው መመካከር ብቻ ነበረ።

ይህ ታሪክ በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ለሚኖር ሰው ሩቅ አይደለም። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው የወንጌል ማኅበር ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ባለ ስፍራ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል አቆመ። ስሙም በወጣትነታቸው ባረፉት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ተሰየመ፤ ሰፈሩም ከዚያ ወዲህ ዘነበወርቅ ይባላል። በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ድርጅት በዚያው ተቋቋመ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ሕሙማን ወደዚህ መጡ። የእያንዳንዳቸውም ምክር የሰማርያን ለምጻሞች ምክር ይመስላል፤ በአገር ቤት ቢቀሩ ደዌውና መለየት ይጠብቃቸዋል፤ ወደማያውቁት ከተማ ቢሄዱ ምናልባት ይድናሉ። ደዌው ከእርግማን ወይም ከዘር ሳይሆን በዓይን ከማትታይ ተዋሲ እንደሚመጣ የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በአውሮጳ አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. አግኝቶት ነበር፤ በገጠር ያለው ፍርሃት ግን ይህን አልሰማም። ስለዚህ በመድኃኒት የዳኑት ብዙዎች ወደ አገራቸው አልተመለሱም። መድኃኒት ተዋሲውን ይገድላል እንጂ የወደቀውን ጣት አይመልስም፤ የጎረቤትንም ዓይን አይለውጥም። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፤ ልጆችም ወለዱ።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ ከተማው ጥራጊውን በዚሁ አቅራቢያ፥ ረጲ በሚባለው ስፍራ መጣል ጀመረ። ሕዝቡም ከቆሻሻው የተነሣ ስፍራውን ቆሼ አለው። ከተማው ሕሙማኑንና ጥራጊውን በአንድ ወገን ያኖረ በክፋት አስቦ ነው አልልም፤ ነገር ግን አኖረ። ሰብዓ ሊቃናት የኢዮብን መጽሐፍ ሲተረጕሙ ኢዮብ የተቀመጠው ከከተማ ውጭ፥ በጕድፍ ክምር ላይ ነው ብለዋል (ኢዮ. 2፥8)። በዚያም ወዳጆቹ መጥተው የእግዚአብሔርን ፈቃድ እናውቃለን እያሉ ብዙ ተናገሩት። በመጨረሻ እግዚአብሔር ቅንን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ የገሠጸው እነርሱን ነው እንጂ ኢዮብን አይደለም።

ክምሩ በሃምሳ ዓመት ውስጥ 36 ሄክታር ያህል ስፋት ያዘ። በላዩ ብረትና ላስቲክ፥ ጠርሙስና ጨርቅ ለቅመው በመሸጥ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ከሥሩም ቤት ሠርተው ወይም ተከራይተው ተቀመጡ። በ2008 ዓ.ም. ጥራጊው ሰንዳፋ አጠገብ ወደ ተዘጋጀ አዲስ ስፍራ ተዛወረ። የዚያ አገር ገበሬዎች ግን መሬታችንና ውሃችን ተበላሸ ብለው ስለ ተቃወሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራው ቆመ፤ ጥራጊውም ተመልሶ ወደ ቆሼ መጣ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ ቅዳሜ ማታ፥ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ ያሉትን ቤቶች ደፈነ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። በአገሩ ሁሉ የ3 ቀን ሐዘን ታወጀ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት ቃል ይሰማል። አንደኛው፥ ስለ ኀጢአታቸው ነው የሚለው ነው። ይህን ጌታ ራሱ ዘግቶታል፤ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች አልነበሩምና (ሉቃ. 13፥4)። ሁለተኛው፥ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሚለው ነው። ይህኛው የበለጠ መመርመር ይገባዋል፤ ለቅሶ ለመድረስ የሚሄድ ሰው በቅን ልብ ስለሚለው። በቋንቋችን ፈቃድ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንዱ መውደድ ነው፤ አንድም ሳይከለክሉ መተው ነው። እግዚአብሔር ሳይከለክለው የሆነውን ሁሉ ወደደው ማለት ግን አይገባም። የሚወደውን አስቀድሞ ተናግሯልና። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ሌላ ሰው ወድቆ እንዳይሞት፥ ደሙም በቤቱ ላይ እንዳይሆን፥ በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ በሕግ ታዝዟል (ዘዳ. 22፥8)። ሕጉ በሰው ራስ ላይ ለሚቆለል ኮረብታም ያው ነው። ይህን ለማወቅ ፀምር መዘርጋት፥ ዕጣም መጣል አያስፈልግም ነበር። ከሐዘኑ በኋላ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የምንለውን ቃል ከሐዘኑ በፊት፥ ክምሩ ሲቆለል፥ ምን ትወዳለህ ብለን ብንጠይቅበት በተሻለ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ጥራጊውን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያወጣ ፋብሪካ ተመረቀ፤ የሞቱት ግን ይህን አላዩም።

ከክምሩ ሥር ቤት የሠሩትስ ምን እንላቸዋለን? ያለ ማስተዋል ቈረጡ የሚል ቢኖር የሰማርያን ለምጻሞችም እንዲሁ ይበላቸው። ቤት በርካሽ የሚገኝበት፥ እንጀራም የሚለቀምበት ስፍራ ያ ነበረ፤ ወደ ሌላ ቢሄዱ ኪራዩ ከአቅማቸው በላይ ነው። ያላቸውን መዝነው፥ ከቤተ ሰብ ጋር ተመካክረው፥ ብዙዎቹም ጸልየው ቈረጡ። አራቱ ለምጻሞች የሶርያን ሰፈር ባዶ ሆኖ አገኙት፤ እነዚህ ግን ክምሩ ወደቀባቸው። ምክሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ፍጻሜው ግን አንድ አይደለም። እንግዲህ ፍጻሜውን አይቶ ያኛው በእግዚአብሔር ፈቃድ ሄደ፥ ይህኛው ከፈቃዱ ወጣ ብሎ የሚፈርድ ሰው የኢዮብን ወዳጆች ወንበር ይዟል።

ከሞቱት አንዳንዶቹ በገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ገብረ ክርስቶስ፥ በዓሉ ጥቅምት 14 ቀን የሚከበረው ጻድቅ፥ የንጉሥ ልጅ ሲሆን በሠርጉ ሌሊት ወጥቶ ሄዶ በድውይነትና በልመና የኖረ ነው፤ ስለዚህም የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይማጸኑበታል። ነገር ግን የእርሱን ታሪክ ለቆሼ ሰዎች ስንተርክ እንጠንቀቅ። እርሱ ቤተ መንግሥት ነበረው፥ ተወውም። እነርሱ ግን የሚተዉት አልነበራቸውም። ድህነትን መርጦ መያዝ ጽድቅ ነው፤ ሌላውን ሰው በድህነት እንዲኖር ትቶ ፈቃዱ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ምዕራፉ እንመለስ። ለምጻሞቹ ሰፈሩን ባዶ ባገኙት ጊዜ በሉ፥ ጠጡ፥ ብርና ወርቅም ወስደው ሸሸጉ፤ ተመልሰውም ከሌላ ድንኳን ወሰዱ። ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ምክር አደረጉ (ቍጥር 9)። ዛሬ የምሥራች ቀን ሲሆን እኛ ዝም ማለታችን መልካም አይደለም ተባባሉ። በመጀመሪያው ምክር የተመዘነው የገዛ ነፍሳቸው ነበረ፤ በዚያም አልተነቀፉም። በሁለተኛው ግን ከበር ውጭ ያስቀመጣቸው ከተማ ራብ ተመዘነ። በዚህም ምልክት አልጠየቁም፤ የተራበ ሰው መኖሩን ማወቃቸው በቃቸው። ሥራ ሲይዝ፥ ቤት ሲገዛ፥ ወደ ባዕድ አገር ሲሻገር የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚፈልግ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ምክር በብዙ ጭንቀት ይመላለስበታል፤ ወደ ሁለተኛው ሳይደርስም ይቀራል። ጳውሎስም በሮሜ 12 ፈቃዱን ፈትኖ ስለ ማወቅ ከተናገረ በኋላ ወዲያው የሚያወሳው አንዱ ለሌላው ብልት ስለ መሆኑ ነው።

ለምጻሞቹም መጥተው በረኞቹን ጠሩ። ንጉሡ ተንኰል መሰለው፤ ከባሮቹ አንዱ ግን ከተረፉት ፈረሶች አምስት ይላኩና ይታይ፥ በከተማ ቢቀሩም ያው ይሞታሉ ብሎ መከረ። ምክሩ የለምጻሞቹ ምክር ነው። ሰላዮቹ እስከ ዮርዳኖስ ድረስ ሄደው በመንገድ የተጣለውን ልብስና ዕቃ አዩ፤ ሕዝቡም ወጥቶ በዘበዘ፤ ያላመነውም ባለሟል በበሩ ተረገጠ። የአይሁድ መምህራን አራቱ ግያዝና ልጆቹ ናቸው ይላሉ። መጽሐፉ ግን ስማቸውን አይናገርም፤ ምሥራቹን ካደረሱ በኋላም በሩ ለእነርሱ ተከፈተላቸው ወይስ ውጭ ቀሩ የሚለውን አልጻፈም።