የፖምፖን እንስሶች፤ ከእብነ በረድ እስከ ሸክላ

እ.ኤ.አ. በ1922 በፓሪስ በተከፈተው የመኸር የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ከቀረቡት ሥራዎች መካከል አንድ ትልቅ የጀሶ ነጭ ድብ የተመልካቹን ዓይን ሳበ። ቀራፂው ፍራንሷ ፖምፖን ሲሆን፣ ዕድሜው በዚያን ጊዜ 67 ዓመት ነበር። ስሙ በሰፊው የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ፖምፖን በ1855 በቡርጎኝ አውራጃ፣ በሶልዩ ከተማ ከአናጢ አባት ተወለደ። በዲዦን ቀን ቀን የመቃብር ድንጋይ እየጠረበ፣ ማታ ማታ ሥነ ጥበብ ተማረ። ወደ ፓሪስ ከመጣ በኋላም አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው የሌሎችን ቀራፂዎች ሥራ ወደ እብነ በረድ በመገልበጥ ነው። ከ1890 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በኦጉስት ሮዳን፣ ቀጥሎም በሬኔ ደ ሴን ማርሶ ዘንድ ሠራ። መሮውን የሚይዘው እርሱ፣ ፊርማው ግን የሌላ ሰው ነበር።

በኖርማንዲ ገጠር ዶሮውንና ዳክዬውን፣ በፓሪስ የእንስሳት መጠበቂያ ደግሞ የዱር አራዊቱን በትዕግሥት ይመለከት ነበር። አሠራሩም መቀነስ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ ላባውንና ጠጉሩን ሁሉ ካስቀመጠ በኋላ፣ የማያስፈልገውን እየፋቀ የአካሉን ቅርጽና የአረማመዱን ሁኔታ ብቻ ያስቀራል።

ይህ አሠራር ለሸክላ ሥራ እጅግ የተስማማ ሆነ። ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የታወቀው የሴቭር የመንግሥት ፋብሪካ ነጩን ድብ በሸክላ አባዝቶ አወጣ። የፖርሴሊን ጭቃ በጀሶ ቅርጽ ማውጫ ተቀርጾ በብርቱ እሳት ሲተኮስ ከ10 በመቶ በላይ ይኮማተራል። ስስና ጎልቶ የወጣ ነገር በቀላሉ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ያለበት ቅርጽም ከማውጫው በቀላሉ አይላቀቅም። የተጠቀለለና ለስላሳ አካል ግን ይህን ፈተና በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል። የሚያብረቀርቅ ልባስ ሳይቀባ የተተኮሰው ነጭ ፖርሴሊንም እብነ በረድን ይመስላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። ዕድሜውን በሙሉ የሌሎችን ሥራ ሲገለብጥ የኖረው ሰው፣ በመጨረሻ የእርሱ ሥራ በሌሎች እጅ ተገለበጠ። ፖምፖን በ1933 በፓሪስ ዐረፈ። የድንጋዩ ድብ ዛሬ በኦርሴ ቤተ መዘክር ቆሟል፤ ትንሹን የሸክላ ድብ የሚገዛው ሰው ደግሞ የሚጠይቀው የፖምፖንን ስም ነው። ማውጫውን ያዘጋጀው፣ ስፌቱን ያለሰለሰውና ምድጃውን የጠበቀው ሠራተኛ ግን፣ ፖምፖን ራሱ ረጅም ዘመን በቆመበት ስፍራ ቆሞ ይገኛል።