ከባሕር የመጣ እንግዳ፤ በወገራና በስሜን ግርጌ የነበረው የእንግዳ አቀባበል

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምጽዋ ባሕር የሚወርድ የቀድሞ ነጋዴ፣ የወገራን ሜዳ አቋርጦ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ፣ ምድር በድንገት ወደ ታች የምትቆረጥበትን የሊማሊሞን አፋፍ ከፊቱ ያገኝ ነበርና፣ ሌሊቱን በደጋው አሳልፎ ቁልቁለቱን በማለዳ ከመጀመር በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ከባሕር ወደ ጎንደር የሚወጣውም መንገደኛ በፈንታው የተከዜንና የዛሪማን ቆላ በሐሩርና በንዳድ ስጋት ተሻግሮ፣ ዳገቱን ከጭነት ከብቱ ጋራ እየተጋፈጠ ጨርሶ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በዚያው አፋፍ ላይ ይመሽበት ነበር። ስለዚህ የወገራና የስሜን ግርጌ ባላገር እንግዳ ተቀባይ ነው ሲባል ምስጋናውን ሁሉ ለጠባዩ ደግነት ብቻ መስጠት አይገባም፤ ተራራው ራሱ መንገደኛውን አድክሞ፣ አብርዶና አስርቦ በየማታው ከደጁ ላይ ይጥልለት ነበርና፣ መቀበልን ከአባቶቹ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ከአገሩ አቀማመጥም ተምሮታል።

በዚህ መንገድ ወደ ባሕር የሚወርደው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ሰም ነበረ፤ ከባሕር የሚወጣው ደግሞ ጨርቅ፣ ብርሌ፣ ጠመንጃና ልዩ ልዩ የሩቅ አገር ዕቃ ነበረ። ከሚወርደው ጋራ በሰንሰለት የሚነዱ ባሮችም ነበሩ፤ ስለ እንግዳ አቀባበል ስንመሰክር፣ ሥርዓቱ እነርሱን እንግዳ ብሎ እንዳልቆጠራቸው ጭምር መመስከር ይገባናል። ከነጋዴው በቀር ወደ አክሱም ጽዮን የሚሳለመው፣ በሊማሊሞ ወርዶ ቋርፍ ወደሚበሉት ወደ ዋልድባ መነኮሳት በረከት ፍለጋ የሚሄደው፣ ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ፣ ሁሉም በዚሁ ጎዳና ይመላለሱ ነበር።

የአቀባበሉ ሥርዓት እንዲህ ነበረ። መንገደኛው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ውሾቹ እየጮሁበት፣ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ የቤቱም ጌታ ወጥቶ ውሾቹን ገሥጾ፣ «ይግቡ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ከዚያም እንግዳው ከምድጃው አጠገብ በመደብ ላይ አጎዛ ተነጥፎለት ይቀመጣል፤ ውሃ ይሞቅና ከቤቱ ልጆች አንዱ፣ አንዳንድ ጊዜም እመቤቲቱ ራሷ ዝቅ ብላ፣ የመንገዱን አቧራና እሾህ ከእግሩ ታጥባለች። በስሜን ደጋ የሚበቅለው ገብስ ነውና ማዕዱም የገብስ ነው፤ የገብስ እንጀራ፣ የገብስ ቆሎ፣ የገብስ ጠላ፣ ለማለዳውም ስንቅ የሚሆን በሶ። በቅሎው ገለባ፣ ጌታው ጋቢ ያገኛሉ። በጾም ቀን የመጣ እንግዳ ሽሮውን ያለ ቅቤ ይቀበላል፤ በፍስክ የመጣ ዕድለኛ ነው። ያም ሆኖ ባላገሩ ልግስናው ወሰን እንዳለው አልደበቀም፤ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው የሚለው አነጋገር ለእንግዳውም ለባለቤቱም እኩል የተነገረ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ለዚህ ሥርዓት መሠረት የሆነችው ቤተ ክርስቲያን ናት። አበ ብዙኃን አብርሃም ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሦስቱን እንግዶች ስለ መቀበሉ የሚነገረውን ታሪክ ያልሰማ ምእመን አልነበረም፤ ሊቃውንቱም በትርጓሜያቸው አብርሃም ያለ እንግዳ እህል እንደማይቀምስ፣ ሰይጣንም በዚህ ቀንቶ በመንገድ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን «አብርሃም ጠባዩን ለውጦ እንግዳ ይደበድባል» እያለ ይመልስበት እንደነበረ፣ አብርሃም ግን ጾሙን እየዋለ ሲጠብቅ በመጨረሻው ሥላሴ በእንግድነት እንደመጡለት ያስተምሩ ነበር። ጨለማ ሲሆን ደጁን ያንኳኳውን ሰው ማንነት ሳያውቅ የሚያስገባ ባላገር፣ ከእነዚያ ከሦስቱ አንዱን ቢመልስስ የሚል ፍርሃት በልቡ ነበረው። ይህን ፍርሃት እኔ ከብዙ ሕግ አብልጬ አደንቀዋለሁ።

ሃይማኖት እንግዳን እንዳቀረበ ሁሉ በማዕዱ ላይ ድንበርም ያቆም ነበር። በምጽዋ መንገድ ላይ ከሚነግዱት እጅግ ብዙዎቹ እስላሞች ነበሩና፣ ክርስቲያኑ ያረደውን እስላሙ፣ እስላሙ ያረደውንም ክርስቲያኑ አይበላምና፣ አስተዋይ ባለቤት ለእስላም እንግዳው ሥጋ በማቅረብ አያሳፍረውም፤ እህሉን ያቀርብለታል፣ በግ ሊያበላው የወደደ እንደሆነም በጉን ከነሕይወቱ ለራሱ ይሰጠዋል። በወገራና በስሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ደግሞ፣ ስለ ንጽሕና ያላቸው ሕግ ጥብቅ ስለ ነበረ፣ ሌላ ሰው የነካ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር፤ ስለዚህም በደጃቸው ያለፈውን ሁሉ በውጭ ሆነው ያነጋግሩት ነበር። አንዱ ላንዱ ሲል ሕጉን ሳያፈርስ፣ ነገር ግን መንገደኛውን ሳያስርብ የሚያድርበት ብልሃት እንዲህ ያለ ነበር።

አሁን ወደ መራራው ነገር እንለፍ። በእግዚአብሔር ስም ከሚመጣው እንግዳ ሌላ፣ በጌታ ትእዛዝ የሚመጣ እንግዳም ነበረ። ንጉሥ ወይም የአገሩ ገዥ አንድን መልእክተኛ፣ ባለሟል ወይም ፈረንጅ በአገሩ ሲያሳልፍ ባልደረባ ይሾምለትና በሚያድርበት መንደር ሁሉ ድርጎ እንዲሰጠው ያዝዝ ነበር፤ የድርጎውም ልክ እንደ እንግዳው ማዕርግ ሆኖ፣ እንጀራው በቁጥር፣ ጠላው በገንቦ፣ በግ ወይም ፍሪዳ፣ ማርና ቅቤ፣ ለበቅሎውም ገብስ ይቀርብ ነበር። ያዘዘው ጌታ ነው፤ የከፈለው ግን ገበሬው ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በዚህ መንገድ ያለፉ አውሮጳውያን በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ፣ ድርጎው ዘገየ፣ የመንደሩ ሹም ተደበቀ፣ ባልደረባው በዱላ አስፈራራ የሚለው ነገር እየተደጋገመ ይገኛል፤ ከጸሓፊዎቹም አንዳንዶቹ ሕዝቡን በንፉግነት ይከሱታል፤ እየበሉት ያለው በግ የማን እንደ ነበረ ግን መጠየቅ ብዙዎቹን አላሳሰባቸውም።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ወርዶ በሚቀጥለው ዓመት በሊማሊሞ ሲወጣ፣ በመጀመሪያ የተቀበለው ባላገሩ ሳይሆን በተራራው ላይ የተቀመጠው ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር፤ በሩን የያዘ ነጋዴውን ሁሉ ይይዛልና ኬላው በዚያ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። ከእርሱ ስድሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በስሜን አለፈ፤ የዋልያንና የጭላዳን መልክና ጠባይ ለአውሮጳ ሊቃውንት የገለጸው እርሱ ነው።

የስሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለእንግዳ ያላቸው ጠባይ ከመሳፍንቱ ሁሉ የተለየ ነበር። ዕፅዋት ሰብሳቢውን ጀርመናዊ ሺምፐርን በአገራቸው አስቀምጠው ሹመት እስከ መስጠት ደርሰዋል፤ ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደርም በእርሳቸው ዘመን ገብቶ፣ ሁለቱም በጃናሞራ ለምትታነጸው ለደረስጌ ማርያም ሥራ እጃቸውን አውሰዋል። እንግዳን በሙያው ተጠቅሞ በክብር ማኖር ለአንድ መስፍን ታላቅ አስተዋይነት ነው። ነገር ግን ደጃዝማች ውቤ ዘውድ ሊጭኑባት ያሰቧት ያች ቤተ ክርስቲያን የጠበቀችው ሌላ ሰው ሆነ፤ የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር በደረስጌ ጦርነት ድል ነሥተዋቸው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያችው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ።

በዘመነ መሳፍንት ከድርጎውም የከፋ ሸክም ነበረ፤ ወታደር በየገበሬው ቤት እየተደለደለ፣ ባለቤቱን ከመደቡ አስነሥቶ፣ ሚስቱን እያስፈጨና እያስጋገረ ክረምቱን የሚያልፍበት ልማድ ነው። በገዛ ቤቱ ጌታ ያልሆነ ሰው እንግዳ መቀበል አይችልም፤ ደጁን መክፈቱ ደግነት የሚሆነው መዝጋትም ሲቻለው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1884 ዓ.ም. ገደማ የዐሥራት ሥርዓት ሲያቆሙ አንዱ አሳባቸው ወታደሩ ከጎተራ ተሰፍሮለት ከገበሬው ቤት እንዲወጣ ነበር፤ አዋጁ በየአገሩ እኩል ባይፈጸምም፣ ከማናቸውም የእንግድነት ስብከት ይልቅ የባላገሩን ቤት ለእንግዳ የሚያስተካክል እንዲህ ያለው ሕግ እንደ ሆነ እኔ አምናለሁ።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በደባርቅና በዳባት አልፎ ጎንደርን ያዘ። በአምስቱ ዓመት የሠራውም የሊማሊሞ መንገድ፣ ገደሉን እየተጠማዘዘ የሚወርድ፣ እስከ ዛሬ የሾፌርን ላብ የሚያስወጣ ነው፤ ከደባርቅ በላይ አፋፉን ይዞ የቀረው ሠራዊቱም በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጠላት ሄዶ መንገዱ ቀረ፤ መንገዱም የእንግዳውን ዓይነት ለወጠ። በበቅሎ ከመንደር መንደር ያድር የነበረው መንገደኛ በካሚዮንና በአውቶቡስ መጥቶ ደባርቅ ላይ የሚመሽበት ሆነ፤ በአንድ ማታ አርባና ሃምሳ ሰው የሚያወርድ መኪና ደግሞ በባላገር መደብ አይስተናገድም። ያን ጊዜ ጠላ ቤት፣ ቡና ቤትና ቤርጎ በጎዳናው ግራና ቀኝ ተሰለፈ። ይህን ሙያ ከምንም ያቆሙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዷ ባሏ የሞተባት፣ አንዳንዷ የፈታች፣ ጠላ ጠምቃ በጀመረችው ገንዘብ ሁለት አልጋ ዘርግታ፣ ኋላም አራት ክፍል ሠርታ ልጆቿን ያስተማረች ናት። የአገራችን ታሪክ ጸሓፊዎች ደጃዝማቾቹን በስም ሲቆጥሩ እነዚህን ሴቶች አንድ መስመር አለመስጠታቸው ትልቅ ጉድለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው እንግዳ ገንዘብ ከፍሎ ተራራውን ሊያይ የሚመጣው ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተከለለ፤ በ1978ም ከላሊበላ ጋራ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ተራ ገባ። በሌላው ዓለም የባሕር ዳር ነዋሪ በበጋ ለዕረፍት ለሚመጣው ሰው የቤቱን ቁልፍ እየሰጠ ኑሮውን እንደሚመራ ሁሉ፣ ደባርቅም ባሕር ሳይኖራት እንደዚያ ያለች ከተማ ሆነች፤ በክረምት ደመናው ከአፋፉ በታች ተኝቶ የቆላውን አምባ ሁሉ እንደ ደሴት ሲከበው ያየ ሰው፣ ባሕር የላትም ማለቴንም ይጠራጠራል። አስጐብኚው፣ ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ፣ ምግብ አብሳዩና ባለ በቅሎው በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይወጣሉ፤ ተራው ለደኻውም ለባለጸጋውም እኩል መድረሱ እውነተኛ የፍትሕ ሥራ ነው። ሆኖም ውድ የሆኑት ማረፊያዎች በአፋፉ ላይ ሲሠሩ፣ በውስጣቸው የሚያድረው እንግዳ ከባላገሩ ማዕድ ምን ያህል እንደራቀ ማስተዋል አይከብድም።

ከሁሉ አስቸጋሪው የግጭ ነገር ነው። ግጭ ከሦስት ሺሕ አምስት መቶ ሜትር በላይ የነበረች፣ ነዋሪዎቿም አብዛኞቹ እስላሞች የሆኑ መንደር ነበረች፤ በእግር ለሚሄደው ጐብኚ ጎጆ ከፍተው፣ ቡና አፍልተው የሚቀበሉት እነርሱ ነበሩ። በሌላ በኩል ገብሱ በገደሉ ላይ ሲታረስ አፈሩ እየታጠበ፣ ከብቱ ሣሩን እየጨረሰ፣ ዋልያው መጠጊያ እያጣ ሄደና፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ሰዎች ካሣ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ቅርሱ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያው እንዲድን እወዳለሁ፤ ነገር ግን ጐብኚው በግጭ ሰፈር ድንኳኑን ተክሎ በሚያድርበት ሌሊት፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ቢል የሚመልስለት ሰው እንደሌለ አልሰውርም።

በ2013 ዓ.ም. መገባደጃ በትግራይ የተነሣው ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ሲደርስ፣ ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ የተፈናቀለው ሕዝብ የቀድሞውን የነጋዴ ዳገት ወጥቶ በትምህርት ቤቱም በሰው ቤትም ተጠለለ፤ የማደሪያ ኪራይ የሚከፍል ጐብኚ በጠፋበት በዚያ ወራት፣ ደባርቅ የማይከፍለውን እንግዳ ትቀበል ነበር። ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ ሰፈሮች ለመጡት ኤርትራውያን ስደተኞችም በዳባት ወረዳ አለምዋጭ የሚባል መጠለያ ተከፈተ። እነዚህ በአንድ በኩል ከባሕር ወገን የመጡ እንደ ጥንቱ ናቸው፤ በሌላ በኩል ግን ቀለባቸው በሩቅ መሥሪያ ቤት ተሰፍሮ የሚመጣ፣ ሲዘገይም እንግዳውም ባለአገሩም አብረው የሚቸገሩበት ነውና፣ የድርጎ ነገር ከነጣጣው ዛሬም አልሞተም።

ስሜንን ለማየት ያሰብህ አንባቢ ሆይ፣ ደባርቅ ስትደርስ ከማደርህ አስቀድመህ የቤቱን ባለቤት እወቅ፤ የአገሩ ሰው የከፈተውን ቤት ምረጥ። የበቅሎውን ኪራይ ሳትከራከር ለባለ በቅሎው ክፈል። የግጭም ሰዎች አሁን በዚያችው ከተማ ይኖራሉና፣ ከእነርሱ አንዱ «ግባ፣ ቡና ጠጣ» ቢልህ እምቢ አትበል።