ከሩዝ ማሳ እስከ መንገድ ዳር፦ የጉላ እናቶች ስፌት

ዛሬ ስለ ሰፌድ ላጫውታችሁ ነው። ስለኛ ሰፌድ ሳይሆን፣ አሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ማውንት ፕሌዘንት በሚባል ቦታ ጉላ የሚባሉ ጥቁሮች ስለሚሰፉት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባርነት ነው። እንግሊዞች ካሮላይናን በ1670 ከቆረቆሩ በኋላ ጌቶቹ በሩዝ እርሻ ከበሩ። በግድ ካመጧቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከሴኔጋምቢያና ከሴራሊዮን አካባቢ የመጡ፣ ሩዝ የሚያበቅሉ ነበሩ። ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት፤ ስፌቱን ግን ማን ይቀማቸዋል? ሩዙን በሙቀጫ ወቅጠው በሰፌድ አበጠሩት። የሚገርማችሁ፣ ያን ጊዜ ትልልቁን የእርሻ ሰፌድ የሚሰፉት ወንዶች ነበሩ።

ባርነት በ1865 ቀረ። ነፃ የወጡት ቁራሽ መሬት እየገዙ ሰፈሩ፣ ሴቶቹም መልካም ሽታ ካለው የባሕር ዳር ሣር ትንንሽ ስፌት ለገበያ መስፋት ያዙ። በ1916 አንድ የቻርልስተን ነጋዴ በጅምላ እየገዛ ይሸጥላቸው ጀመር። ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በመንገድ ነው። በ1929 የኩፐር ወንዝ ድልድይ ተከፈተ፣ አውራ ጎዳና 17 ላይ መኪና በዛ። እናቶቹም ስፌታቸውን መጀመሪያ ወንበር ላይ፣ ኋላም በእንጨት ዳስ ደርድረው መንገድ ዳር አወጡት። ገዢው መኪናውን አቁሞ ከሰፊዋ እጅ ይገዛል፤ ደላላ የለ፣ ገንዘቡ ቀጥታ እናትየው እጅ ይገባል።

ዳሱ ሱቅ ብቻ አልነበረም። ወንዶቹ ሣር አጭደው ያመጣሉ፣ እናት ትሰፋለች፣ ልጆች ከትምህርት ቤት መጥተው አጠገቧ ይቀመጣሉ። አሰፋፉ እንደኛው ነው፤ ሣሩን እየጠቀለሉ ዙሪያውን በቀጭን የዘንባባ ቅጠል መስፋት። በወስፌ ፈንታ የተቆረጠ የማንኪያ እጀታ ይጠቀማሉ! በሥራዬ ከወላጆች ጋር ስቀመጥ «ልጆቹ ስፌት አይወዱም» ሲባል እሰማለሁ። እኔም ልጅ ሆኜ መጥቼ ወስፌ እንኳ አልያዝኩም፤ ግን ማን አጠገብ ተቀምጬ ልማር? እናቴ የምትሰፋበትም የምትሸጥበትም ቦታ አልነበራትም። የማውንት ፕሌዘንት ልጆች ስፌቱ ምሳ ሲሆን እያዩ ነው ያደጉት።

ክብሩም ዘግይቶ መጣ። በ2006 ስፌቱ የግዛቷ የእጅ ሥራ ተብሎ በሕግ ታወጀ። በ2008 ከሰፊዎቹ አንዷ ሜሪ ጃክሰን የማካርተርን ትልቅ ሽልማት አገኘች።

የጎደለው ሌላ ነው። አያቶቹ የገዙት መሬት አብዛኛው ያለ ኑዛዜ ለወራሽ ሁሉ በጋራ ተላለፈ። ከወራሾቹ አንዱ ድርሻዬን ካለ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ መሬቱ በሐራጅ እስከ መሸጥ ይደርሳል፤ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ተነቅሏል። (አደራ፣ ወረቀታችሁን አስተካክሉ።) ሣሩ ይበቅልበት የነበረው ዳርቻም የመዝናኛ ቤትና አጥር ሆኗል። ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ማን ማጭድ ይዞ ይገባል? ስለዚህ ዛሬ ሣር ፍለጋ እስከ ጆርጂያና ፍሎሪዳ የሚነዱ አሉ።