ጸጥ ባለ ቀን የማትረጋ መርፌ

ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ ቆሻሻ በተከመረበት በቆሼ ኮምፓስ ይዞ የሚቆም መምህር መርፌዋን ሊያምናት አይገባም፤ በክምሩ ውስጥ የተቀበረው ብረት ወደየራሱ ይስባታልና። ይሁን እንጂ መርፌ ከብረት ሁሉ ርቃ፣ መግነጢሳዊ ማዕበልም በሌለበት ቀን ብትቀመጥ ፈጽማ አትረጋም። ይህን እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆርጅ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1722 በለንደን አስተዋለ። የየቀኑ ለውጥ ምንጭ በመሬት ሆድ ሳይሆን በላይኛው አየር የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት ሊሆን እንደሚችል ባልፎር ስቱዋርት ያመለከተው ግን በ1882 ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ከምድር በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን አየር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ታደርገዋለች። ይህ አየር በነፋስ ተገፍቶ የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ሲያቋርጥ እንደ ዲናሞ ጅረት ያመነጫል። የመስኩ መስመሮች አግድም በሚተኙበት በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ ጅረቱ በጠባብ መቀነት ተጠናክሮ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። በፔሩ የሚገኘው የዋንካዮ ጣቢያ ከ1922 ጀምሮ ለውጡ በዚያ እጅግ ከፍተኛ መሆኑን መዝግቦ ነበር፤ ሲድኒ ቻፕማን በ1951 ጅረቱን ኤሌክትሮጄት አለው።

ያው መቀነት በኢትዮጵያ ላይም ያልፋል። ስለዚህም በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ማለትም በ1957 እና በ1958፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ሲቋቋም ቦታው ብርቅ ነበር። ጣቢያውን የመሠረቱት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። በአዲስ አበባ የመስኩ አግድም ኃይል 36,000 ናኖቴስላ ገደማ ሲሆን፣ ጸጥ ባለ ቀን ከረፋዱ 5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ 100 ናኖቴስላ ያህል ከፍ ይላል፤ ይኸውም ከሺህ ሦስት እጅ ገደማ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ጭማሪው አይደለም። በአንዳንድ ጸጥተኛ ቀኖች ከሰዓት በኋላ መስመሩ ከሌሊቱ ደረጃ በታች ይወርድ ነበር፤ በሰማይ ያለው ጅረት ወደ ምዕራብ የዞረ ያህል። እንዲህ ያለውን ነገር የመሣሪያ ስሕተት ወይም የማዕበል ቅሪት ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ጉዌን ግን አላለፉትም፤ በ1962 የአዲስ አበባን የየቀን ለውጥ መገልበጥ ለዓለም አስታወቁ። በ1967 ደግሞ ከፈረንሳዊው ማዮ ጋር ሆነው ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት የሚለውን ስም አቀረቡ። ስያሜው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በእኩለ ቀን አንድ ጉብታ ብቻ አድርጎ በሰሌዳ የሚሳለው መስመር እንግዲህ ታሪኩን በሙሉ አይናገርም።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች የግልበጣውን መነሻ ከጨረቃ የአየር ማዕበልና በሰሜን ዋልታ ክረምት ከሚከሠተው የስትራቶስፌር ድንገተኛ ሙቀት ጋር ያያይዙታል። የጅረቱን ጥንካሬ ለመለየትም ከመቀነቱ ውጪ ባለችው በአዲግራት የተነበበው ከአዲስ አበባው ላይ ይቀነሳል፤ የሚተርፈው የኤሌክትሮጄቱ ድርሻ ነው።