አገው ምድር፦ የአንድ የቀድሞ አውራጃ ስምና ወሰን በቋንቋ ጥናት ዓይን

ከ1984 ዓ.ም. በፊት በተሰበሰቡ የቋንቋ መረጃዎች ላይ የተናጋሪው ትውልድ ስፍራ ብዙውን ጊዜ በአውራጃ ስም ይመዘገብ ነበር። በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ከነበሩት አውራጃዎች አንዱ አገው ምድር ነው። አውራጃው ዛሬ የለም፤ ስለዚህ አንባቢ የቀድሞውን ስም በዛሬው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ተክቶ ማለፉ የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ያሳያል።

ከስሙ እንጀምር። «አገው ምድር» የአማርኛ ሐረግ ነው፤ ከአውራጃው መመሥረት እጅግ ቀደም ብሎም የነገሥታቱ ጸሐፊዎች አገሩን የሚጠሩት በአገው ስም ነበር። ሕዝቡ ግን ራሱን አዊ፣ ቋንቋውንም አውንጊ ይላል። የቋንቋው ስም ራሱ በአማርኛ የራሱ ፊደል የሌለው ትናጋዊ ሰርናዊ ድምፅ ይዟል፤ በአማርኛ «ንግ» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው አንድ ድምፅ ነው፤ ለእርሱም በኋላ ጘ የተባለው ፊደል ተመድቧል። እንግዲህ ለዘመናት በመዝገብ የኖረው ሌሎች ለአገሩ የሰጡት ስም እንጂ ባለቤቶቹ የሚጠሩበት አልነበረም።

የአገሬው ትውፊት የግዛቱን አከፋፈል የሚናገረው በሌላ መንገድ ነው። «ሰባት ቤት አገው» የሚባሉት ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ ዚገምና መተከል ሲሆኑ የሰባት ወንድማማቾች ዘር እንደሆኑ ይተረካል። ይህ አከፋፈል የዘርና የርስት እንጂ የቢሮ አይደለም።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ሲያደራጅ አገው ምድር ዋና ከተማው ዳንግላ የሆነ አውራጃ ሆነ። ከሰባቱ ቤቶች የአንዱን ስም የያዘው መተከል ደግሞ ቻግኒን ማዕከሉ አድርጎ በጎረቤትነት የተለየ አውራጃ ሆነ። የወንድማማቾቹ ስም በሁለት መዝገብ የተከፈለው በዚህ አኳኋን ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 43 ለአውራጃዎች የራስ አስተዳደር ለመስጠት አስቦ ነበር፤ ፓርላማው ስላላጸደቀው ግን አውራጃው የማዕከላዊው መንግሥት ክንድ እንደሆነ ቀረ።

ከ1984ቱ አዋጅ ቁጥር 7 በኋላ የክልሎች መሠረት የብሔር ብሔረሰቦች አሰፋፈር ሆነ፤ የአውራጃ እርከንም ቀረ። አዊ በራሱ ስም የዞን መጠሪያ ሆኖ እንጅባራን ማዕከሉ አደረገ። መተከል በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ዞን ሲሆን የቀድሞ ማዕከሉ ቻግኒ ግን በአዊ ዞን ውስጥ ቀረች። አውንጊ ተናጋሪዎችም ዛሬ በሁለቱም ክልሎች ይገኛሉ። ከአውንጊ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው የኩንፈሎች አነጋገርም ከደጋው በስተምዕራብ ባለው ቆላ ይነገራል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለቋንቋ አጥኚዎች ሁለት ነገር ያስገነዝባል። አንደኛ፣ የቀድሞው አውራጃ ከዛሬው ዞን ይጠባል፤ ከቻግኒ አካባቢ የተሰበሰበ የቆየ መረጃ «መተከል» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ «ከአገው ምድር» የተባለውም የዞኑን አነጋገር ሁሉ አይወክልም። ወሰኑን ሳያጣራ የዘዬ ካርታ የሚሠራ ሰው የቢሮ መስመርን የቋንቋ መስመር አድርጎ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ የስም ለውጡ በሥራዎቻችንም ላይ ይታያል። ሮበርት ሄትዝሮን እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ግሱ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ቋንቋውን «ደቡብ አገው» ብሎታል፤ በ1978 ስለ ስሙ ሥርዓት በጻፈው ጥናት ግን «አውንጊ»ን አስቀድሞ የቀድሞውን ስም በቅንፍ አስቀመጠ። ጥናቱ የባለቤቶቹን ስም ያስቀደመው ከአስተዳደሩ ቀድሞ ነው።

ስለዚህ የቆየ መረጃ ስናወጣ አውራጃውን በዞን ከመተካት ይልቅ መረጃው የተሰበሰበበትን ዓመት፣ ወረዳውንና የሚታወቅ ከሆነም መንደሩን ማስቀመጥ ይገባናል። ተናጋሪው ራሱን ከሰባቱ ቤቶች በአንዱ ከጠራም ያው ስም ከአስተዳደር ስሙ ጎን ይጻፍ። አውራጃ በአዋጅ ይመጣል፣ በአዋጅም ይሄዳል፤ ባንጃና አንከሻ ግን ከአውራጃው በፊት ነበሩ፣ ዛሬም በወረዳ ስም ላይ አሉ።